ለሽርሽር የተዳረች የዓሣ ጀልባ

ሰው ትንሽ ሲደላው ደህናውን ነገር ካላበላሸ እንቅልፍ አይወስደውም። አህያ ቢያይ ጉትቻ፣ ጀልባ ቢያይ ምንጣፍ ያምረዋል። ምን አደረጉት?

እኛ ደርግ የሰውን ሁሉ እየወረሰ አላስቀምጥ ሲለን የሰቲትን ወንዝ ተሻግረን ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው የገባን ነን። እኔና አያ ደሴ እንጀራችን አንዲት የዓሣ ጀልባ ናት። እንጨቱ የሐጂ ኑሩ ነው፤ ገዳሪፍ ሱቅ ያላቸው ያገራችን ሰው ናቸው። ላቡ ግን የእኛ! ታዲያ አንድ ቀን መጡና፣ ከእንግዲህ ይቺ ጀልባ ዓሣ አትነካም፣ የገዳሪፍ ትልልቅ ሰዎች ይንሸራሸሩባታል አሉን። እንግዶቹ ከወደዷት ለእኛ የሚቀረን ቁረይሻ እርሻ ወርዶ በሰው ማሽላ ላይ መጎንበስ ነው። ውርስ ሸሽተን ብንሻገር ውርስ ዋኝቶ ደረሰብን!

መጀመሪያ ከሆዷ ድንጋዩን አስወጡ። አያ ደሴ፣ እንዳትንገዳገድ የተጫነ ነው ቢላቸው፣ «ወላሂ፣ ሰው ከድንጋይ ጋር ይንሸራሸራል?» አሉት። ዳስ ጣሉባት፤ ፍራሽ አነጠፉባት፤ መኳል ብቻ ቀራት። ይህን ሁሉ ቻልኩ። መረቤን ግን «ይሸታል፣ ኻላስ፣ ወዲያ ጣሉት!» ሲሉ ደሜ ፈላ። እኔ በዚያ መረብ ጉማሬ ጎትቼ ያወጣሁ ሰው ነኝ። አያ ደሴ ግንድ ነበር ይላል፤ ቅናት ነው። እና ምን አደረግሁ? ጠቅልዬ በግራ በኩል ከፍራሹ ሥር ሸጎጥኩት።

ሐጂንና እንግዶቹን ጭነን መሀል ወንዝ ስንደርስ ሐሩሩ መረቡን አሞቀው፤ ሽታው ተነሣ። በግራ ያሉት እንግዶች አፍንጫቸውን ይዘው ሁላቸውም ወደ ቀኝ! አያ ደሴ «ኧረ በየቦታችሁ!» ቢል ማን ሰምቶት? ድንጋይዋን የተቀማች ጀልባ ምን ታድርግ? ጋደም ብላ አራግፋቸው ቀና አለች፤ እኔና አያ ደሴ ብቻ ጠርዟን ይዘን ቀረን። ሐጂ ከነጥምጥማቸው፣ ትልልቆቹም ከነትልቅነታቸው ሰቲት ገቡ። ጥፋቱ የኔ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ወደ ቀኝ ሂዱ ብያለሁ?

እንግዶቹ ዋናተኞች ኖረው እየተንቦጫረቁ ወጡ። ሐጂ ግን ብቅ ጥልቅ ማለት ያዙ። ያን የተናቀ መረብ ከፍራሹ ሥር መዝዤ ወረወርኩላቸው፤ ከአያ ደሴ ጋር እየጎተትን አወጣናቸው። ውሃውን ተፉና፣ ገና ከመረቡ ሳንፈታቸው፣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ይሸታል አላልኩም?»

እንግዶቹ እንደረጠቡ ገዳሪፍ ገቡ፤ ድንጋዩም እኛም ወደ ጀልባችን ተመለስን። እኔን ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ቃል ነው። በዚያ መረብ ስንቱን ዓሣ አወጣሁ! መጥበሻ እየጠበቀው እንኳ እንዲያ ብሎ የሰደበኝ ዓሣ የለም።