ግርማዊት ድንቢጥ በገዛ እጃቸው ድንች እንደ በሉ

ንጽሐፍ እንከ፤ እንግዲህ እንጻፍ። ግርማዊት ድንቢጥ፣ ሥዩመተ ረጅም ወንበር፣ መዋኢተ ማንኪያ፣ በተወለዱ በሁለት ዓመት ከአንድ ወር፣ ዘመነ ጡት አልፎ ዘመነ ጥርስ በገባ፣ የኋላ መንጋጋዎቻቸው ገና ድድ ውስጥ ሳሉ የሆነው ይህ ነው። ጸሐፊው በማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት ሲያርም የሚውል፣ የራሱን ግን የማያይ አባታቸው ነውና አንባቢ እያመዛዘነ ያንብብ።

በዚያም ዘመን ግርማዊት ድንቢጥ ምግብ እምቢ አሉ። ካሮቱ ቢፈጭ እምቢ፣ እንቁላሉ ቢቀቀል እምቢ፣ ሩዙ በወተት ቢርስ እምቢ፤ ማንኪያ ሲመጣ ከንፈራቸውን እንደ ከተማ በር ይዘጉ ነበር፤ በግድ የገባውም በጉንጫቸው ለግማሽ ሰዓት ታስሮ ቆይቶ በነጻ ይለቀቅ ነበር። ለምሳም በተቀመጡ ጊዜ አያታቸው በቀኝ ቆመው ይለምናሉ፣ አክስታቸው በግራ አሻንጉሊት ታስጨፍራለች፣ ጸሐፊው ከኋላ የድስት ክዳን ይመታል፣ ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ከፊት ማንኪያ እንደ አውሮፕላን እያንሳፈፈች ታባብላለች። ይህም ሁሉ ሠራዊት ተሰልፎ አንዲት ፍሬ ሩዝ አላስገባም።

ለሦስት ወርም የጤና ጣቢያው ሚዛን ከአሥር ኪሎ ንቅንቅ አላለም። የዚያን ጊዜ ነርሷ የእድገት ካርዱን አይታ አዋጅ ነገረች።

«በሚመጣው ወር ይህቺ መስመር ከፍ ካላለች ለደም ምርመራ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልካችኋለሁ። እስከዚያው ለሦስት ቀን አፏ የገባውን ሁሉ ጻፉልኝ።»

እናታቸው ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ልጄን ያቀጨጭኳት እኔ ነኝ ብላ አለቀሰች። ፈርታ ነበር፤ ጸሐፊውም ፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን ወንድ አይፈራም ተብሎ ስላደገ ቧንቧውን ሊያጠብቅ ሄደ።

ነርሷ ያዘዘችው አንድ ወረቀት ነበር። በዚህ ቤት ግን ሰው ሁሉ ደግነቱን ከሌላው ይደብቃልና እያንዳንዱ ለብቻው ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጉ ጊዜ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ አያታቸው ጠዋት ሁለት ሙዝ በማር፣ «ሆዷ ባዶ ነው፣ እናቷ አትስማ» ከሚል ማስታወሻ ጋር፤ አክስታቸው ከሥራ በፊት የብርቱካን ጭማቂና አምስት ብስኩት፤ ጸሐፊው ከደረት ኪሱ፣ ከቀይ እስክሪብቶው ጀርባ፣ ሦስት ብስኩትና አንድ ከረሜላ፤ እናታቸውም፣ ከሁሉ አስቀድማ የምትከስሰው ራሷ፣ እስከ ምሳ ድረስ አራት ጡጦ ወተት። እያንዳንዳችን ያቺን የተራበች ልጅ በሕይወት ያቆየኋት እኔ ብቻ ነኝ እንል ነበር። ግርማዊነታቸውም በየቀኑ ለምሳ የሚቀመጡት እስከ አንገታቸው ጠግበው ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለእኛ ነው።

ወእምዝ ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ጠርጋ ቆመች፤ አዋጅም ነገረች።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ከዛሬ ጀምሮ በምግብ ሰዓት መካከል ከውሃ በቀር ለልጄ የሚሰጥ፣ እናቴም ትሁን ባሌ፣ ከእኔ ጋር ተጣላ። እኔ ሳህኑን አቀርባለሁ፤ የምትበላውን ያህል እሷ ታውቃለች። የሚያባብል፣ የሚዘፍን፣ ማንኪያ አፏ ድረስ የሚያደርስ አይኑር።»

በመጀመሪያው ቀን ካሮት በግድግዳው ላይ ተበተነ። አያታቸው አንጀታቸው አልችል ብሎ መኝታ ቤት ገቡ፤ ሲወጡም በነጠላቸው ሥር አንድ ሙዝ ይዘው እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ጸሐፊውም በኪሱ የቀረውን ብስኩት፣ ፈተና እንዳይሆንበት፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ራሱ በላው። በሁለተኛው ቀን ግርማዊነታቸው የወተቱን ጡጦ በየቁምሳጥኑ አስፈለጉ፤ አክስታቸው እንዳታይና እንዳትሰማ ራዲዮ ከፍታ ጀርባዋን ሰጠች። እናታቸው እጇን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ቆመች፤ ልቧ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ወተቱ ሄዶ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ድንች፣ ግማሽ እንቁላልና ካሮት ቀረበ። ግርማዊት ድንቢጥ ግራ ቀኝ አዩ፤ የሚጨፍር የለም፣ የሚለምን የለም። አንዲት ቁራጭ ድንች በሁለት ጣት አነሡ፣ አሸተቱ፣ ግንባራቸውን ቀቡባት፣ ከዚያም ጎረሱ። ደገሙ። ሠለሱ። እንቁላሉም ወሬ ነጋሪ ሳይቀር አለቀ። እናታቸው ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዙራ ፔዳሉን ትረግጥ ነበር፤ መርፌው ግን ክር አልነበረውም።

ወሩም በተፈጸመ ጊዜ በሚዛን ላይ ተሰየሙ፤ አሥር ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆኑ። ነርሷ መስመሯን ወደ ላይ አሰመረቻት፣ የሆስፒታሉም ነገር ቀረ። አያታቸው ሚዛኑን ሊስሙ ጎንበስ ብለው ተከለከሉ።

በዚያችው ዕለት ቤት ገብተን ምሳ ቀረበ። እናታቸው እንደ ልማዷ ከጎን ቆማ ጉርሻ በዓይኗ ትቆጥር ነበር። ጸሐፊውም ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት ነበር፣ የሰው ልብስ በልክ ስታጠብብ የራሷን ረስታ። ለአንድ ወር ሁላችን አንዲቱን ስንመዝን እሷን የመዘነ አልነበረም። ግርማዊነታቸው ግን መብላታቸውን አቆሙ፤ በማንኪያቸው ድንች ዘገኑ፤ ግማሹን ወለሉ ላይ አፍስሰው የቀረውን ወደ እናታቸው ዘርግተው የመጀመሪያ አዋጃቸውን ነገሩ።

«እማ፣ ብዪ።»

እናታቸውም፣ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውም አንቱ ናቸውና፣ ተቀመጡ፤ እያለቀሱ በሉ፤ ሳህኑ እስኪያልቅም አልተነሡም። ረጅም ዕድሜና ረጅም ቁመት ለግርማዊት ድንቢጥ፣ በአሥር ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ጉልበታቸው ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድመው የተራበውን ላዩ።