የክቡር ካምሴን የሐሞት ከረጢት

ክቡር ካምሴን «ለማንም አሳልፌ አልሰጥም» ብለው የጸኑት በገዛ የሐሞት ከረጢታቸው ነው።

ምድር ከረጋች ጀምሮ ተጠራጣሪ ያልበቀለበት መንደር የለም። ጎረቤቱ «እንዴት አደርክ?» ሲለው «ማን ጠይቅ ብሎህ ነው?» የሚል፣ ዝናቡም ለማን ጥቅም እንደዘነበ የሚመረምር ሰው በየወንዙ ዳር አለ። በናም ኡ ወንዝ ዳር ግን ይህን ማዕረግ ከክቡር ካምሴን ጋር የሚሻማ ገና አልተወለደም። ሚስታቸው ቡዋቫን ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያቀረበችላቸውን የሩዝ ሙዳይ ከፍተው ሳያሸቱ እጃቸውን ሰደው አያውቁም።

ለበዓል በሬ በማኅበር ሲታረድ የሌላው ሰው ዓይን የሚያርፈው ሥጋው ላይ ነው። እሳቸው ግን ጉበቱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ሐሞቱን ይጠብቃሉ። በዚያ አገር ሐሞት ያልነካው ክትፎ ለእንግዳ አይቀርብምና፣ ሐሞቱ ለየቤቱ በማንኪያ ይታደላል። የከረጢቱን አንገት በቀርከሃ ልጥ የሚያስሩትም፣ በምላሳቸው ጫፍ ቀምሰው ፍርድ የሚሰጡትም ክቡርነታቸው ናቸው።

«ውሃ ነክቶታል!»

«ኧረ ካምሴን፣ አሁን ዓይንህ እያየ አይደል እንዴ ከበሬው ሆድ የወጣው!» ይላቸዋል አራጁ።

«እንግዲያው በሬው ጨምሮበታል።»

ዘንድሮ የክቡርነታቸው ዓይን እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆነ፤ ትኩሳቱም አንቀጠቀጣቸው። ቡዋቫን በጀልባ ጭና ወደ ከተማው ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ሐኪሟ ፔትሳሞን የእኅታቸው ልጅ ነበረች፤ ይህም ጥርጣሬያቸውን አባሰው እንጂ አላቀለለውም።

«አጎቴ፣ የሐሞት ከረጢትዎ በጠጠር ተሞልቷል። አንዱ ወርዶ መተላለፊያውን ዘግቶታል። ጠጠሩም ከረጢቱም ካልወጡ እናጣዎታለን።»

«ማን ሊወስደው ነው?»

«ማንም አይወስደውም፤ ይጣላል።»

ክቡርነታቸው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ሐሞት ይጣላል ትለኛለች! የተማረች ልጅ!»

ፔትሳሞን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይስሙኝማ። ሐሞት የሚሠራው ከረጢቱ አይደለም፤ ጉበት ነው። የጉበት ሕዋሳት ቀን ከሌት ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ በመካከላቸው ባሉ ከፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ያፈሱታል። ቦዮቹ እየተገናኙ እንደ ወንዝ ይሰፋሉ። ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ነው፤ ውሃውን እየመጠጠ ያወፍረዋል፣ ጮማ ሲበሉ ደግሞ ይለቀዋል። እሱ ቢወጣም ጉበትዎ ሥራውን አይተውም፤ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።»

«ያወፍረዋል አልሽ?»

«አዎ።»

«በይ ተያዝሽ! ወፍራሙ፣ ምርጡ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነዋ። እናንተ እሱን ልትወስዱ፣ ለኔ ቀጭኑን ልትተዉልኝ!»

ክቡርነታቸው ፔትሳሞን ከነገረቻቸው አንዲት ቃል አላዛቡም፤ ከእውነተኛው ትምህርት የራሳቸውን ክስ አወጡበት እንጂ። እንዲህ ያለ ተማሪ የገጠመው መምህር መጽሐፉን ቢያጥፍ አይፈረድበትም።

ቡዋቫን ግን አልሳቀችም። በብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን ያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ ያማረራት ያ መርማሪ ዓይን ሊከደን መሆኑን ስታስበው ቤቷ ወና ሆኖ ታያት።

«አንተ ሰውዬ፣ ከነከረጢትህ ሬሳ ማቃጠያው እሳት ልትገባ ነው? ቆይ፣ እኔን ከእንግዲህ ማን ይጠረጥረኛል?»

ክቡር ካምሴን እጇን ጨበጥ አደረጉ።

«እንግዲያው ስትቀዱኝ ቡዋቫን አጠገቤ ትቁም» አሉ።

«ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሰው አይገባም፣ አጎቴ» አለች ፔትሳሞን። «በበሩ መስታወት በኩል ግን ቆማ ልታይ ትችላለች።»

ክቡርነታቸው ከማዶ የሚታየውን በር መረመሩ፤ ከዚያ መስታወቱን፤ ከዚያም ሚስታቸውን፣ ረዘም አድርገው። ቀጥሎም ውሳኔያቸውን አሰሙ፦

«መጀመሪያ መስታወቱ ይወልወል! እኔ ተኝቼ ማንንም አላምንም፤ ይቺ ሴት ግን ድርሻ ስታካፍል ለራሷ ትንሹን የምታነሣ ናት። እሷ እያየች ከሆነ እንኳን ከረጢቱን ጉበቱንም ውሰዱት። ዓይኗን ከመስታወቱ ያነሣች እንደሆነ ግን ቢላዋውን አስቀምጡ፤ ጠጠሩም የኔ፣ ሐሞቱም የኔ፣ ሞቱም የኔ ነው!»