አንትወርፕ ድረስ ሄጄ «አትቸገሩ» ማለቴ

አውሮፓ ውስጥ ድንበር የለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሮተርዳም የተነሳ ባቡር ቤልጂየም ሲገባ የሚያስቆመው ፖሊስ ቀርቶ ቀና ብላ የምታየው ላም እንኳን የለችም። እንደኔ የሆላንድ መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው በዚያ ባቡር ሄዶ ቸኮሌት ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዘመድ ይጠይቃል። ሥራ ግን አይሠራም። ሌላው ሰውነቴ ያልፋል፣ እጄ ድንበሩ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ታዲያ ቸኮሌቱን የሚቀበለው እጅ የማን ነው?

ለማንኛውም፣ ማስተርሴን ስጨርስ ሥራ ፈልግበት ተብሎ የተሰጠኝ ፈቃድ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ካለቀ ሻንጣዬን ይዤ መመለሴ ነው። አምስተርዳም ሞከርኩ፣ ሮተርዳም ሞከርኩ፣ ዘሄግም ከምኖርበት፣ «ላክ» ከሚባለው ሰፈር በእግር የሚደረስበትን ቢሮ ሁሉ አዳረስኩ። ሁሉም ትምህርቴን ያደንቁና «ደችህስ?» ይሉኛል። የአገሩ ቋንቋ፣ ደቼ፣ ከዳቦ መግዣ አያልፍም። ተስፋ ለመቁረጥ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እኔ ጊዜ የለኝም። ስለዚህ ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት በእንግሊዝኛ እናነጋግርህ ሲለኝ ሸሚዜን ተኩሼ ከተፍ አልኩ።

ቃለ መጠይቅ እንደዚያን ቀን ሰምሮልኝ አያውቅም። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ፣ ልንቀጥርህ እንፈልጋለን፣ የሆላንዱ ፈቃድህ እዚህ ስለማያሠራ ግን የቤልጂየም የሥራ ፈቃድ እኛ ልናወጣልህ ነው፣ ጣጣ አለው፣ እንጀምርልህ? አለችኝ። በሥርዓት ያደገ ሰው እዚህ ላይ ምን ይላል? «ኧረ በፍጹም! በእኔ የተነሳማ አትቸገሩ» አልኳ!

አገር ቤት ቢሆን «በሞቴ!» ትላለች፣ እኔ እግደረደራለሁ፣ «አፈር ስሆን!» ትላለች፣ እኔም ውለታ የዋልኩላት ይመስል እሺ እላለሁ። ይህቺ ግን ገባኝ ብላ፣ ስለ ግልጽነቴ አመስግና እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ። እዚህ ጋ ትለምነኛለች ብዬ የጫማዬን ክር መፍታትና ማሰር ጀመርኩ። ሊፍቱ መጣ።

በዚያው ዕለት ሮተርዳም ዳር፣ ሆግቭሊት ለሚኖሩት ለጋሽ መሐሪ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሽ መሐሪ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አማርኛ የለመዱ፣ እዚህ በነዳጅ ማጣሪያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «አብደሃል እንዴ አንተ ልጅ?» አሉኝ። እሳቸውም በመጡ ሰሞን ሥራ ቦታ ሾርባ ሲቀርብላቸው አንዴ «ይቅርብኝ» ብለው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሾርባ ትጠጣለህ ያላቸው ሰው እንዳልነበረ አጫወቱኝ። ከዚያ ነገ በጠዋት ሄደህ ተቸገሩልኝ በላቸው ብለው አዘዙኝ።

ሄድኩ። ያለ ቀጠሮ ሳል እንኳን በማይሳልበት አገር ያለ ቀጠሮ ሄጄ እንግዳ መቀበያው ላይ ተተከልኩ፤ ሳላያት ላልነቃነቅ ምያለሁ። ኃላፊዋ ብቅ ስትል በአንድ ትንፋሽ፣ ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ እባካችሁ ተቸገሩ፣ በእኛ አገር የመጀመሪያው «አይ» ደግማችሁ ጠይቁኝ ማለት ነው አልኳት። ሴትየዋ፣ ትናንት ከሰዓት ሥራውን ለሁለተኛው ተወዳዳሪ አቅርበንለታል አለችኝ። እሱም ግን፣ አለች ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ በእኔ የተነሳ አትቸገሩ ብሎን ሄደ። ከአምስተርዳም ነው የመጣው፣ ያደገው አዲስ አበባ ነው። የእሱም «አይ» ደግማችሁ ጠይቁኝ ማለት ይሆን እንዴ? ብላ ጠየቀችኝ።

የአገሬ ልጅ ነው። ምናልባት የእሱም ፈቃድ ሊያልቅ ይሆናል። አዘንኩለት፤ ከልቤ ነው ያዘንኩለት። ከዚያ ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ «እሱ እንኳን እዚህ ብዙ የቆየ ይመስለኛል፤ እምቢ ካለ እምቢ ነው» አልኳት።