ሽምብራ ያዘራው ሸንጎ

ሁለት ሰዎች ቆመው በሚያወሩበት ሁሉ፣ መካከላቸው ገብቶ «ተራ በተራ ተናገሩ!» የሚል ሦስተኛ ሰው አይታጣም። ለቅሶ ቤት አለ፣ ሠርግ ቤት አለ፣ እድርማ ያለ እሱ አይቆምም። ወጡ ጨው አነሰው ቢባል ስብሰባ ይጠራል። ብዙዎቻችሁ ከሩቅ ስታዩት መንገድ ትቀይራላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም እቀይር ነበር።

እኔ ያወቅሁት ግን የዘሩን አውራ ነው። ክቡር ሊቀ መንበር ቀለመ ወርቅ ይባላል፤ የእስቴ ሰው ነው። የተገናኘነው በጃንሆይ ዘመን፣ ከንፋስ መውጫ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ ደብር፣ ቅኔ ቤት ውስጥ ነው። ከስማዳ ወጥቼ እዚያ ስደርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስልሳ ያህል ተማሪዎች ነበርን። ከእኛ በላይ ቅኔውን ጨርሰው ለመምህርነት መብቃታቸውን ለማስመስከር የተቃረቡ፣ ጀማሪውን የሚያስጠኑ አምስት አስነጋሪዎች አሉ። የተማሪው ሸንጎ እነሱ ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የውሃና የእንጨት ተራ ያወጣሉ፣ የተማሪውን ጉዳይ ለመምህራችን ለየኔታ ወልደ ሩፋኤል ያቀርባሉ።

ቀለመ ወርቅ ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት ሸንጎው በወር አንድ ቀን ተሰብስቦ ይበተን ነበር አሉ። እሱ ሲሾም ግን የማይሰበሰብበት ቀን ጠፋ። ቁንጫ በዛ፣ ጉባኤ! የጎጆ ክዳን አፈሰሰ፣ ጉባኤ! አንዱ ተማሪ በእንቅልፉ ግእዝ እየተናገረ ጎረቤቱን አላስተኛ አለ፣ ሁለት ጉባኤ! ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ነገሩ አሳብ ይፈልጋል!» ካለ፣ እራታችን እንደ ቀዘቀዘ ቁጠሩት።

ስማዳ ሳለሁ ወገዳ ከተማ ጥቂት ዓመት አስኳላ ገብቼ ስለነበር ብዕር መያዜን ሰማና ጸሐፊው አደረገኝ። «ያልተጻፈ ቃል የነፋስ ነው» ብሎ የሰው ሳል ሳይቀር ያስጽፈኛል።

አንድ ጊዜ በመንደሩ ቁራሽ ልንለምን ስንሄድ የእመት ካሣነሽ ውሻ ሦስት ተማሪ ነከሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላ ያነሣል። ክቡር ሊቀ መንበር ሽማግሌ ልከው ራሳቸውም አብረው ሄዱ። እኔም መዝገቤን ይዤ ተከተልሁ።

«ለውሻዬ ሽማግሌ ላካችሁ?» አሉ እመት ካሣነሽ፣ በሳቅ እንባቸው እየወረደ።

«ለውሻው አይደለም እመት፤ ለእርስዎ ነው። ውሻው ተበድሎ እንደሆነም እንሰማለን» አለ ቀለመ ወርቅ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻው በልመና ሰዓት ይታሰር ጀመር።

እንዲህ ስንስቅበት ከርመን መስከረም ጠባ። በአዲሱ ዓመት በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶ ወረደ። ለእሸት የደረሰው ገብስ ከጭቃ ተደባለቀ። በማግሥቱ ጭቃ ሹም ገብሬ፣ የመንደሩ ሹም፣ ወደ ቅኔ ቤቱ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጆቼ፣ አትቀየሙን። ቁራሽ የሚሰጥ ሲኖረው ነው። አስነጋሪዎቹ ማኅሌቱን ስለምታግዙን ቆዩ። ጀማሪው ግን እስከሚመጣው መኸር ወደየአገሩ ይግባ።»

ሸንጎው ተቀመጠ። እኔም የሚሄዱትን ስም መዘገብሁ፤ የራሴን ስም በራሴ እጅ። ቅኔ ቤት የገባሁት አባቴ ሳይፈቅድ ነው። ከተመለስሁ ዳግመኛ አይለቀኝም።

ከአስነጋሪዎቹ አንዱ ዳኛቸው ነበር። «እኛን እኮ አልነኩንም። ለምን እንነካካዋለን?» አለ።

«ጀማሪ ከሄደ አንተ ማንን ልታስነግር ነው? ግድግዳውን?» አለው ቀለመ ወርቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የገበሬ ልጅ ነህ። በረዶ የመታው ገበሬ ምን ያደርጋል?»

«እርጥቡ ሳይደርቅ መሬቱን ገልብጦ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ግን ቢበዛ አሥር ቀን ነው ያለው። በሬው ደግሞ ጥቂት ነው፤ አይደርስም።»

ቀለመ ወርቅ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «እጅ! የጎደለው እጅ ነው! እኛ ምን አለን? እጅ!»

በሩጫ ወደ የኔታ ሄድን። የኔታ አሳቡን ሰምተው ቅንድባቸውን አነሡ።

«ቅኔ የሚቆጠረው በዶማ ነው እንዴ?»

«የኔታ፣ ቅኔ ለመፍጠር፣ ለመቁጠር በየቀኑ ዱር እንወጣ የለም? ዱሩን እርሻ እናድርገው። አፋችን ቅኔ ይቆጥራል፣ እጃችን ይቆፍራል።»

የኔታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ሂዱ። ማታ ማታ ግን የቆጠራችሁትን እሰማለሁ።»

ጭቃ ሹም ገብሬ ግን፣ ቆፍረን እናዘራችሁና ጀማሪው ይቆይ ስንላቸው፣ አላመኑም። «ተማሪ ዶማ ያውቃል?»

«አናውቅም ጌታዬ» አለ ቀለመ ወርቅ። «ግን ስልሳ ነን።»

ወይ ያ ሰሞን! ደበሏችንን አውልቀን ተራራውን ወረድነው። በሬ ያለው ያርሳል፣ በሬ የሌለውን እርሻ እኛ እንቆፍራለን። በአንደኛው ትልም ጉባኤ ቃና የሚሉት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይሰማል፣ በሌላው አንዱ የጀመረውን ቤት ሌላው ይነጥቀዋል፣ ሴቶቹ ጓያውን እየበተኑ እልል ይላሉ። እመት ካሣነሽ ቆሎ በቁና ተሸክመው መጡ። ክቡር ሊቀ መንበርማ በየእርሻው ዳር ስብሰባ ይጠራል፤ ደግነቱ ዶማውን ሳይጥል ነው። እጃችን ውሃ ቋጠረ፣ ወገባችን ተቆረጠ፤ ግን ማንም ልረፍ የሚል አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ከእስቴ መልእክተኛ ደረሰ። የቀለመ ወርቅ የትውልድ ደብር ለመምህርነት ፈልጎታል፤ ከመስቀል በፊት አስመስክሮ ካልመጣ ግን ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። የኔታ ጠርተው «ልጄ፣ ነገ ላስመስክርህና ሂድ» አሉት። ሰባት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው።

ቀለመ ወርቅ እግሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ ተመለከተ። «የኔታ፣ ገና ግማሹም አልተዘራም። እኔ ከሄድሁ ዳኛቸው ያስቆማቸዋል።»

መልእክተኛው ብቻውን ተመለሰ።

በመስቀል ዋዜማ የመጨረሻው ሽምብራ ተዘራ። ጭቃ ሹም ገብሬ ማሳው መካከል ቆመው «ከእንግዲህ የሚሄድ ተማሪ የለም! ሽምብራው የእናንተም ነው!» ሲሉ፣ ስልሳችንም ጮኽን። እኔ መዝገቡን ገልጬ የሚሄዱት ስም ያለበትን ገጽ ቀደድሁት። ክቡር ሊቀ መንበር እያዩ ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ ያለ ጉባኤ ያለፈች ብቸኛ ጉዳይ እሷ ናት።

ወንበሩ ለሌላ ተሰጠ። ቀለመ ወርቅ ወሬውን ሲሰማ «ተማሪዎቹ መምህር አገኙ፤ መልካም ነው» አለ። ጥቅምት ላይ አስመሰከረ። የኔታም መርቀው ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ፣ ተማሪ ወዳልነበረባት አንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ማስተማር አንድ ብሎ እንዲጀምር ሰደዱት።

መጻሕፍቱን ተሸክሜ ልሸኘው ወጣሁ። በሁለት ቀን መንገድ ሁሉ ጎጆው በየት በኩል ይሠራ፣ ውሃው ከየት ይቀዳ እያለ ብቻዬን ይሰበስበኝ ነበር። ያገራችን ሸኚ ወንዝ አሻግሮ ይመለሳል። እኔ የመጀመሪያ ተማሪው ሆኜ ሦስት ዓመት ቆየሁ።