ራጅ በፀሐይ የሚያነበው ኑርዬ

ያ በልግ እንዴት ያለ በልግ ነበር! ዝናቡ በሰዓቱ ጥሎ፣ የሐይቁ ዳር ለምልሞ፣ የሰው ሁሉ ፊት ፈክቶ። የእኔ ፊት ግን ከመፍካትም አልፎ ይነድ ነበር። በርበሬ የቀቡኝ ይመስል ድንገት ይግልና ይቀላል፣ ሆዴ ይላወሳል፣ ደሞ ይተወኛል። አንዱ "ብርድ ነው" ይለኛል፣ ሌላው "ዓይን ነው" ይለኛል። እኔም በልግ ስለምወድ የደስታ ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እንግዲህ ልንገራችሁ፣ ሐኪም ሳይሆን ሐኪም የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የገዛችሁትን መድኃኒት ከእጃችሁ ተቀብሎ ጠርሙሱን ይንጣል፣ ያሸታል፣ "ይሄማ ለፈረስ ነው" ይላል። ለእኛ ሰፈር ፈጣሪ የሰጠን ክቡር ሐኪም ኑርዬን ነው። ለእናንተ ማንን እንደሰጣችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።

ኑርዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ራጅ ክፍል በር ላይ ዘበኛ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ሐኪሞቹ የሳምባ ፎቶ ላይ ነጭ ነገር ሲያዩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ተመልክቷል። ከዚያ አንድ ሕግ አወጣ፤ "ነጭ ክፉ፣ ጥቁር ደግ።" ሌላ ትምህርት አላስፈለገውም። ራጅ የያዘ ሰው በመንገድ ካለፈ አለቀለት፤ "ወደ ፀሐይ አዙረው!" ይላል ከሩቁ። አንድ ጊዜ ባጃጅ መሐል አስፋልት ላይ አስቁሞ የአንዲት ሴትዮ ዳሌ ሲያነብ፣ ከወልድያ የሚመጣው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ተሰልፎ ጠበቀው።

ዓሣ አጥማጁን ዝናውን "ደረትህ ውስጥ ጥይት አለ" አለው። ዝናው ጦርነት ቀርቶ ሠርግ ላይ እንኳ ተኩስ ሲሰማ የሚሸሸግ ሰው ነው! ደሴ ወጥቶ ቢጠይቅ፣ የሹራቡ ቁልፍ ኖሯል። "ቁልፍም ቢሆን ደረት ላይ ምን ይሠራል?" አለ ኑርዬ፣ ቅር ሳይለው። ፈዲላን ደግሞ መንታ ነው ብሎ አስደግሷት አንድ ወለደች። "ሌላው ሐሳቡን ቀየረ" አላት።

ሚስቱ መስኡዳ "የሰው አንጀት ታያለህ፣ ደጅህ የተፈታችውን ላም አታይም!" ትለዋለች። እሱ እቴ!

እኔን ደሴ ላይ መረመሩኝ፣ ናሙና ወሰዱ፣ ጉበቴ ላይ ዕጢ አገኙ። ስሙ ኒውሮኢንዶክራይን ነው፤ ለመጥራት ራሱ ጤነኛ ይፈልጋል። ከአንጀት ተነስቶ ነው አሉ፤ ፊቴን የሚያነደውም እሱ ኖሯል። ልጄ ሰላማዊት ዱባይ ስለምትኖር ወደዚያ ወሰደችኝ። ያስገቡኝ ማሽን ሁለት ማሽን ባንድ የተሰፋ ነው። አንደኛው የሆድ ዕቃን ቅርጽ ያነሳል፣ ሌላው በክንድ የወጉት መድኃኒት የት ሄዶ እንደተጠራቀመ እያበራ ያሳያል። ሰኞ ያን ዕጢ ፈልጎ የሚጣበቅ መድኃኒት ወጉኝ። ረቡዕ ደግሞ ስኳር ነገር።

"ዕጢው መኖሩን ካወቁ ምን ቀራቸው?" አልኳት ሰላማዊትን።

"ጠባዩ፣ እማዬ። ቀስ ብሎ የሚያዘግም ነው ወይስ የሚጋልብ? መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚያ ነው።"

ከሁለቱ ሥዕል ዕጢው አንደኛው ላይ ሲበራ ደግ ነው፣ ሌላው ላይ ሲበራ ክፉ ነው ብላኝ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አውሮፕላን ላይ ጠፋብኝ! ሐኪሞቹ ተሰብስበው እስኪመክሩበት የቪዛዬ ቀን ስላለቀ፣ ሥዕሎቹ ያሉበትን ፖስታ ታቅፌ አገሬ ገባሁ።

ኑርዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "እት ሙሉ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። ፖስታው የታል?"

ሻንጣዬን እንኳ አልተቀበለኝም።

"ወደ ፀሐይ አዙሪው!"

"ወረቀት ነው እኮ ኑርዬ፤ ፀሐይ አያሳልፍም።"

"ፀሐይ መንገዷን ታውቃለች።"

የሰኞውን አየ። ጉበቴ ላይ እንደ ፍም የሚያበራ ነገር አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። የረቡዑን አየ። ጉበቴ ደብዝዟል፣ ጭንቅላቴ ግን እንደ ፋኖስ ቦግ ብሏል።

"ይሄ ሰኞ፣ ይሄ ረቡዕ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሰኞ ሆድሽ ላይ ነበር፣ ረቡዕ..." አለና ዓይኑን ወደ ጭንቅላቴ አነሳ። ወረቀቱን አጣጥፎ "ደህና ነሽ" ብሎኝ ሄደ። ኑርዬ ነገሩን በሁለት ቃል ሲጨርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀሪውን እኔው ሞላሁት፤ ሰኞ ሆድ፣ ረቡዕ ራስ። ይሄማ ምኑ ያዘግማል? ይጋልባል እንጂ!

በማግስቱ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ፈዲላ ከተዋስኩሽ ዘጠኝ ዓመቱ ብላ ወንፊቴን መለሰች። ዝናው በር ላይ ቆሞ "እት ሙሉ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፤ ያን ጊዜ ዶሮሽን የበላው ጅብ አልነበረም" አለኝ።

"ማን ነበር ታዲያ?"

"እኔ። ጣፋጭ ነበረች።"

አሳቀኝ። ዞር ስል ግን የቅሬያችን የለቅሶ ድንኳን አጥር ላይ ተሰጥቶ አየሁ።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ገና ነው" አለኝ።

ኑርዬ ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ዱዓውን ያደርሳል። ሰው ፎቶ ይዞ ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያይም። ይሄ ደግሞ ከድንኳኑ በላይ አስፈራኝ።

በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ሰላማዊት ናት። ቤቱ ሙሉ ሰው ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረግነው።

"እማዬ! ቀስ የሚለው ነው! የሚያዘግመው ነው!"

"እንዴት? በርቷል እኮ!"

"የሰኞው ላይ መብራቱ ደግ ነው። መድኃኒቱ ዕጢውን አግኝቶ ተጣብቆበታል ማለት ነው፤ በዚያው መንገድ ይታከማል። የሚጋልበው ዓይነት ስኳር ይርበዋል፤ ያንቺ ግን የረቡዑን ስኳር አልነካውም። አይጠፋም ይሆናል እማዬ፣ ግን አይጋልብም።"

ኑርዬ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። "ጭንቅላቷስ? ጭንቅላቷ በርቷል!"

ሰላማዊት ሳቀች። "ጋሽ ኑርዬ፣ ጭንቅላት የሁሉም ሰው ይበራል። አእምሮ ሁሌ ስኳር ይበላል፤ ባይበራ ነበር የሚያስፈራው።"

"የአንተን ቢያነሱት ጨለማ ነበር!" አለች መስኡዳ።

ወይ ሳቅ! ወይ እልልታ! ጎረቤቴ መሪማ ዘላ አቀፈችኝ፣ ዝናው ድንኳኑን ሊያጥፍ ሮጠ። ኑርዬ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለ ዓይኑን በጋቢው ይጠርጋል። ከዚያ ቀረብ አለና "እት ሙሉ፣ አውፍ በይኝ" አለኝ።

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ረቡዕ።"

የነገሩን ምስጢር የነገረችኝ መስኡዳ ናት። ለካ ፎቶዬን ያየ ዕለት ቤት ለቤት ዞሮ "ድንኳን ሳይቀድማችሁ ድረሱላት፤ የሞተ ሰው እንግዳ አያይም" እያለ ለምኗል። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ እንዲያ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ሐኪሞቹ ትክክል ናቸው፣ ማሽናቸውም ይባረክ። ነገር ግን እነዚያን አምስት ቀኖች የሰጠኝ ስሕተቱ ነው። እኔ ሙሉአለም ከነገ ጀምሮ ትክክለኛ ሰው ብቻ ይጎብኝሽ ቢሉኝ እምቢ እላለሁ።

አሁን ወር በገባ ቁጥር ደሴ ወጥቼ መርፌዬን እወጋለሁ። ፊቴም እንደ ድሮው አይነድም። ኑርዬ ፖስታዬን ይዞልኝ አብሮኝ ይወጣል፤ ላገኘው ሁሉ "ይቺ የሚያዘግመው ናት" እያለ ያስተዋውቀኛል።

ዛሬ ግን የመስኡዳን ጉልበት ራጅ ሊያስነሳ በጠዋቱ ሚኒባስ ብቻቸውን ወጥተዋል። መሪማ ስድስት ሰዓት ላይ ደሴ አይታቸዋለች። መስኡዳ ጥላ ሥር ነበረች፤ ኑርዬ ግን ራጅ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከማያውቃቸው ሁለት ሰዎች መሐል ተቀምጦ፣ የያዙትን ራጅ ወደ ፀሐይ አዙሮ "ደህና ናችሁ" ይላቸው ነበር።