የእሁድ ቁርሳችን ስሎፕ

ሰው ፍሪጁ በር ላይ ምን ይለጥፋል? የጋዝ አምጪ ስልክ፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ በቃ። ባለፈው ቅዳሜ ወተት ላወጣ ስል እኛ በር ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር፣ ከግራ ከላይ ተነስቶ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። ከላዩ “አባዬና እማዬ” ይላል።

ልጄ ማህሌት ዘጠነኛ ክፍል ናት። የሒሳብ መምህሯ፣ ቤታችሁ ውስጥ በእኩል መጠን የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ነገር ለክታችሁ ግራፍ ሥሩ ብለዋቸዋል። ጤነኛ ልጆች ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ ለኩ። የእኔዋ እሁድ ቁርስ ላይ እኔና እናቷ ሮማን ስንት ደቂቃ እንደምናወራ ለካች። እኛ ፍርፍር ስንጎርስ እሷ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። እንዲህ ያለ ሰላይ በቤቱ ያሳደገ አለ?

እኔ “ዋይ እኩል ይሆናል ኤምኤክስ ሲደመር ቢ” የሚለውን እንደ ጸሎት ሸምድጄ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ማለቴ፣ ኤም ማን እንደሆነ፣ ቢ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። በስተርጅና ማህሌት አስተዋወቀችኝ። ቢ መነሻው ነው፤ መለካት በጀመረችበት እሁድ ያወራነው፣ ሰላሳ ደቂቃ። ኤም ስሎፑ ነው፤ በየሳምንቱ የሚቀየረው፣ ሦስት ደቂቃ፣ ያውም ወደ ታች። ስድስት ሳምንት አልፎ አሥራ ሁለት ላይ ደርሰናል። ክው አልኩ። ከሮማን ጋር እኮ አልተጣላንም! ቢያንስ መነሻችን ከፍ ያለ ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ።

“መነሻው ምን ያደርጋል አባዬ፣ ስሎፑ ኔጋቲቭ ከሆነ?” አለችኝ።

ከዚያ ጣቷን በመስመሩ ላይ አንሸራትታ፣ የተኛውን ዘንግ የሚነካበት ቦታ ላይ አቆመች። አሥረኛው ሳምንት፣ ደቂቃ ዜሮ። እዚያ ምን ይሆናል አልኳት። ምንም አትባባሉም አለችኝ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ወደ እኛ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥሎን ሊሄድም ይችላል።

ካዛንቺስ ስንኖር ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ ከባለቤታቸው ጋር ሳይጨቃጨቁ አይነጋም ነበር። እኔና ሮማን በግድግዳው በኩል እየሰማን፣ ዝም አይነቅዝም እየተባባልን እንስቃለን። ሰፈሩ ፈረሰና እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። አሁን የሚሰማ ጎረቤት የለም። የሚሰማ ወሬም እያለቀ ነው። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እንጃ፣ ሚስት የነበረችው አይመስለኝም።

ሮማን ከሥራ ሳትገባ ወረቀቱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ቅዳሜን ወሬ ስለቅም ዋልኩ። እሁድ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበት ቁርስ ቀረብኩ። ስለተበላሸው ሊፍት ጀመርኩ፣ ወደ ሽንኩርት ተሻገርኩ፣ ቀጥዬ ስለ አለቃዬ ጉንፋን። ሮማን ጉርሻዋን አቆመች።

“ምን አጥፍተህ ነው?”

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ብዙ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ካዛንቺስ ትሄዳለች፤ በራችን የነበረበት ቦታ ትንሽ ቆማ ትመለሳለች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

“ስልክህ ላይ ነበርክ” አለችኝ።

ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። ቢሮዬ እዚያው ካዛንቺስ ነው። ያንን ቦታ ላለማየት በየቀኑ ዞሬ ነው የምገባው። እኔም ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። ነገርኳት። ስለ ድሮው ግቢያችን፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ጋሽ ታፈሰ ጭቅጭቅ ስናወራ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ምሳ ደረሰ።

ማህሌት ብቻ ስልኳን ይዛ ፊቷ ተለዋውጧል። የግራፏ የመጨረሻ ነጥብ የዚያን እሁድ ወሬያችን ነበር። ነጥቡ ወረቀቱ ላይ ቦታ አጥቶ ሌላ ወረቀት ቀጠለችበት። መምህሯ፣ ይሄ ቀጥታ መስመር አይደለም ብለው ግማሽ ማርክ ሰጧት፤ በሌላ ነገር እንደገና ሥሪው አሏት። አንድ እሁድ ብቻ መታገስ አቅቷችሁ ነው ብላ አኮረፈችን። እኔና ሮማን በተጎረደ ማርክ ላይ እየሳቅን ስንፈርም የመጀመሪያችን ነው።

አሁን ወጥ ቤት ቧንቧው ሥር ባልዲ ደቅናለች። እኛም ልናግዛት ተጠጋን። በእጇ መለሰችን፤ ውሃ ሲለኩት አያፍርም አለችን።