የቼሪ ጎዳና ታላቁ ቆጠራ

የሴንትራል ዲስትሪክት ነዋሪ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ ራሱን ቆጥሮ ባያውቅም፣ እጅግ ብዙ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። በዚህ ጽኑ እምነት ላይ እንዳለ ነው በዚሁ ሰፈር በቼሪ ጎዳና የረቡዕ መሰብሰቢያ ክፍሉን በነጻ የሰጠው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የላከው። ስንት ናችሁ? ገቢያችሁስ? ዘራችሁስ? በሰፈሩ የሚኖር አባል ከሌላችሁ ክፍሉን ለሌላ እንሰጣለን ይላል።

ሊቀመንበሩ አቶ መልከጸዴቅ ደብዳቤውን አንብበው ምሳ አልበላ አላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በኬንት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ እዚያ "ሜል" ነው የሚሏቸው። በዚህች ሰፊ አገር "ክቡር ሊቀመንበር" የሚባሉት በዚያ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ክፍሉ ከሄደ ክብሩም ሄደ።

ስለዚህ ዐቢይ የቆጠራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ስብሰባውን "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ከፈቱት። ድሩ በሙሉ ከኬንት በመኪና የመጣ ነበር።

"ቅጹ ላይ ለዘር ጥቁር የሚል ሳጥን አለ፣ ሁላችንንም እዚያ ላድርገን?" አለች ጸሐፊዋ አዳነች።

"እኔን?" አለ ምክትሉ ብዙነህ። "እኔ እኮ የቀይ ዳማ ነኝ። እናቴን ብታያት ደግሞ ቀይ ናት።"

ሦስት ሰዓት ከፈጀ ሳይንሳዊ ክርክር በኋላ የማኅበሩ የዘር ስብጥር ጸደቀ፦ ጠይም ስድሳ ሁለት ከመቶ፣ የቀይ ዳማ ሠላሳ፣ ቀሪው ቀይ። አንድም ጥቁር ያልተገኘበት የአፍሪካውያን ማኅበር ሆነው በጭብጨባ ተለያዩ።

ገቢው ቀላል ነበር። ጎረቤት ባለበት ማን ደመወዙን ይናገራል? ሁሉም "ተመስገን" አሉ። ኮሚቴውም አማካይ ገቢያቸው እንደ አምናው ተመስገን ላይ ጸንቶ መቆየቱን በግራፍ አስደግፎ አቀረበ።

የቀረው የሕዝቡ ብዛት ነው። ክፍሉ ድረስ በእግራቸው የሚመጡት የሰባ ስምንት ዓመቷ እትዬ ፋንታዬ፣ "ሰው አይቆጠርም፣ ዓይን ይገባዋል፤ እኔን እንዳትጽፉኝ" አሉ። ፈቃዳቸው ተከበረ። ሌላው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከነድሮ አድራሻው ሰፈረ።

"ኬንት ገባን እንጂ ልባችን እዚሁ ነው" አሉ ሊቀመንበሩ፣ እየፈረሙ።

በወሩ አንድ ረቡዕ ሰምሃል የምትባል የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ልታጣራ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እትዬ ፋንታዬ ብቻ ናቸው። ለአቶ መልከጸዴቅ ኮል አደረገች።

"ትራፊኩ ነው ልጄ፣ ሃይዌዩ ቆሟል። ሌሎቹም ከኋላዬ ናቸው።"

"ከየት እየመጡ ነው ጋሼ?"

"ከዚሁ ነው፣ ከዚሁ። ደረስኩ።"

ደረስኩ ያሉት በሃምሳ ደቂቃ ደረሱ። ሰምሃል ወረቀቷን ሰብስባ ጨርሳለች።

"ጋሼ፣ በሰጡን አድራሻዎች ሁሉ የሚኖረው ሌላ ሰው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያገኘሁት አባል ዝርዝሩ ላይ የሌሉትን እትዬ ፋንታዬን ብቻ ነው። ሶ፣ ክፍሉን በእሳቸው ስም አድርገነዋል። ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ሰው እሳቸውን ያስፈቅዳል።"

ብላ ሄደች። አቶ መልከጸዴቅ ኮፍያቸውን አወለቁ። በሊቀመንበርነት ዘመናቸው ቆመው ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"እትዬ፣ እንግዲህ እኛም ረቡዕ ረቡዕ ብቅ እንድንል ቢፈቅዱልን..."

እትዬ ፋንታዬ መነጽራቸውን አድርገው ከኮሚቴው ባዶ ቅጾች አንዱን ሳቡ።

"ስንት ናችሁ አልልህም፣ ሰው አይቆጠርም። መኖሪያህ የት ነው?"

"ኬንት።"

"ዘርህ ላይ ጥቁር ብዬሃለሁ። ገቢህስ?"

ክቡር ሊቀመንበሩ ዞር ሲሉ ብዙነህ በሩ ላይ ቆሟል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተመስገን ነው፣ እትዬ።"